መኪናዎን ከፍ ከማድረግዎ በፊት ሒሳቡን ይሥሩ

የበረዶው ወራት ሲቃረብ፣ በኦክላንድም ሆነ በሳን ሆዜ ደረሰኛቸውን ይዘው ከሚመጡ ወገኖች የማይቀር አንድ ጥያቄ አለ። «መኪናዬን ከፍ ላስደርጋት፣ ትልቅ ጎማም ላስገባላት ነው፤ ወጪው ከታክስ ይቀነስልኛል?» ይላሉ። ጠያቂዎቹ በአብዛኛው ራቭ ፎር ወይም ሱባሩ የሚነዱ፣ በአነስተኛ ንግድ የሚተዳደሩና ዕቃ ጭነው በኢንተርስቴት 80 ዶነር ሰሚትን ተሻግረው ሬኖ የሚደርሱ ናቸው። ሌሎቹ ደግሞ አገር ቤት ለቤተሰብ መተዳደሪያ ስለተገዛች ሱዙኪ ቪታራ ይጠይቃሉ።

ይህ ጸሐፊ የሒሳብ ባለሙያ እንጂ መካኒክ አይደለም። ቢሆንም ጉዳዩ የገንዘብም የሕይወትም በመሆኑ መልሱን በቁጥር ማየት ይጠቅማል። ባጭሩ፣ መጀመሪያ ሊታሰብበት የሚገባው ጎማው ነው። ከፍታው የሚመጣው መጨረሻ ላይ፣ ያውም የግድ ሲሆን ብቻ ነው።

ከፍ የሚለው ምኑ ነው?

መኪና ከፍ የሚደረገው በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው ረዘም ያለ ሞላ መግጠም ወይም ከሞላው ጋር ማስነሻ ማስገባት ሲሆን፣ ሁለተኛው ቁመቱ የሚበልጥ ጎማ ማስገባት ነው። ሁለቱ የሚሰጡት ጥቅም አንድ አይደለም።

እ.ኤ.አ. በ1988 የወጣውንና በዚህ አገር ሳይድኪክ ወይም ጂኦ ትራከር እየተባለ የተሸጠውን የቀድሞውን ቪታራ እንውሰድ። የኋላ ዲፈረንሻሉ ያለው ሁለቱን የኋላ ጎማዎች በሚያገናኘው ድፍን አክስል ላይ ነው። ስለዚህ ሞላውን ቢያስረዝሙት ከፍ የሚለው ቦዲው ነው፤ ዲፈረንሻሉ ከመሬት ያለው ርቀት ግን ያው ነው። ከመንገዱ መሐል የተቀመጠ ድንጋይ ቀድሞ የሚያገኘው ደግሞ ይህንኑ ዲፈረንሻል ነው። እርሱን ከፍ የሚያደርገው ጎማ ብቻ ነው።

ራቭ ፎርና ሱባሩ አራቱም ጎማዎቻቸው በየራሳቸው የሚንቀሳቀሱ በመሆናቸው፣ ሞላው ሲረዝም የመኪናው ሆድ በሙሉ ከፍ ይላል። ዋጋው ግን አለ። ከዲፈረንሻሉ ወደ ጎማው ኃይል የሚያደርሱት ዘንጎች ከተሠሩበት በላይ ይዘማሉ፤ መታጠፊያቸው ቶሎ ይበላል፣ ቅባቱን የያዘው የላስቲክ ሽፋንም ይቀደዳል። አላይመንቱ መስተካከል፣ የፊት መብራቱም እንደገና ዝቅ ተደርጎ መታለም ይኖርበታል። አዳዲሶቹ መኪኖች በራሳቸው ፍሬን የሚይዙበት ካሜራና ራዳር ስላላቸው ይህም መፈተሽ አለበት። ፎረስተርና ክሮስትሬክ በተለመደው ዓይነታቸው ከፋብሪካ ሲወጡ ከመሬት 8.7 ኢንች ከፍታ እያላቸው፣ በብድር ሁለት ኢንች ለመጨመር መሮጥ «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» ነው።

የጎማው ቁጥር ምን ይላል?

ብዙ ራቭ ፎሮች 225/65 አር 17 የሚል ጎማ አላቸው። 225 የጎማው ስፋት በሚሊ ሜትር ነው፤ 65 የጎኑ ቁመት ከስፋቱ 65 በመቶ መሆኑን ያሳያል፤ 17 የቸርኬው ዲያሜትር በኢንች ነው። ሲደመር የጎማው ጠቅላላ ቁመት 724 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ወደ 235/65 አር 17 ቢቀይሩት 737 ሚሊ ሜትር ይመጣል። ልዩነቱ 13 ሚሊ ሜትር ቢሆንም ግማሹ የሚጨመረው ከአክስሉ በላይ ስለሆነ፣ ከሆዱ ሥር የሚያተርፉት 6.5 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። የአንድ እርሳስ ውፍረት ያህል ማለት ነው።

ወደ ደብተሩ ስንመጣ፣ ትልቁ ጎማ በአንድ ዙር ወደ 1.8 በመቶ የሚበልጥ መንገድ ይሄዳል፤ የመኪናው ቆጣሪ ግን ይህን አያውቅም። ቆጣሪው 20,000 የሥራ ማይል ሲመዘግብ በእውነት የተነዳው ወደ 20,360 ነው። አይ.አር.ኤስ. ለ2025 በፈቀደው የማይል ሒሳብ፣ ማለትም በ70 ሳንቲም ሲባዛ፣ ከገቢዎ ላይ ሊቀነስ የሚገባው 252 ዶላር ሳይጻፍ ይቀራል ማለት ነው። ጎማ ከቀየሩ የተቀየረበትን ቀን፣ የቆጣሪውን ንባብና የሁለቱን ጎማዎች ቁጥር ከደረሰኙ ጋር ያስቀምጡ። ፍጥነት መለኪያውም እንዲሁ ዝቅ አድርጎ ስለሚያሳይ ይጠንቀቁ።

ከታክስ ይቀነሳል ወይ?

በማይል ሒሳብ የሚጠቀም ባለንግድ ጎማውን ለብቻው መቀነስ አይችልም፤ ጎማ፣ ቤንዚን፣ ጥገናና ኢንሹራንስ በማይል ተመኑ ውስጥ ተካተዋልና። ለብቻው የሚጻፈው የሥራ ጉዞ የድልድይ ክፍያና የመኪና ማቆሚያ ነው። በእውነተኛ ወጪ የሚያሠላ ሰው ደግሞ የጎማውን ዋጋ ለሥራ በነዳበት መጠን ይቀንሳል። መኪናን ከፍ ማድረግ ግን ጥገና ሳይሆን ማሻሻያ ስለሆነ እንደ መኪናው በእርጅና ቅናሽ ሕግ የሚታይ ነው። ቤተሰብ ይዘው ለመዝናናት ታሆ የወጡበት ማይል በየትኛውም አይገባም።

ለበረዶው የሚያስፈልገው

የካሊፎርኒያ ሕግ የሚመለከተው የመኪናውን ከፍታ ሳይሆን ጎማውን ነው። አር 2 የሚል ምልክት ሲወጣ፣ በአራቱም እግሩ የሚጎትትና አራቱም ጎማው የበረዶ ጥርስ ያለው መኪና ሰንሰለት ሳያስር ያልፋል፤ ሰንሰለቱን ግን በመኪናው ውስጥ መያዝ ግዴታው ነው። አር 3 ከሆነ ያለ ሰንሰለት ማንም አያልፍም። በጎማው ጎን ላይ ኤም ፕላስ ኤስ የሚለውን ምልክት ይፈልጉ፤ ጥርሱም ቢያንስ 6/32 ኢንች ጥልቀት ይኑረው። ከዚህ የተሻለው ባለ ሦስት ጫፍ ተራራና የበረዶ ቅንጣት ሥዕል ያለበት ሲሆን፣ ይህ በበረዶ ላይ ተፈትኖ ያለፈ ነው። ጎማ ሲቀየር የሰንሰለቱም ልክ አብሮ መቀየር እንዳለበት አይርሱ።

የከፍታ ሌላው ዕዳ መገልበጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ1988 ኮንሲዩመር ሪፖርትስ የተባለው መጽሔት ሱዙኪ ሳሙራይ ድንገት ሲታጠፍ በቀላሉ የመገልበጥ አዝማሚያ አለው በማለት «ተቀባይነት የለውም» ብሎ ነበር። ሱዙኪ በ1996 ከሰሰ፤ ክርክሩ በ2004 በስምምነት አለቀ። ማንም ይርታ ማንም፣ አጭርና ጠባብ መኪና ከፍ በተደረገ ቁጥር ሚዛኑ እንደሚቀንስ የታወቀ ነው። ስለሆነም ለውጡን ለኢንሹራንስ ኩባንያዎ አስቀድመው ያሳውቁ።

አገር ቤት ላለችው

የኢትዮጵያ መንግሥት እ.ኤ.አ. በጥር 2024 ከኤሌክትሪክ በቀር ሌላ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ መከልከሉን አስታውቋል። ስለዚህ አሮጊቷን ቪታራ ሰብሮ ሌላ ከዚህ እልካለሁ ማለት የለም። ያለችውን ማቆየት ነው የሚያዋጣው። ለኮረኮንች የሚሻለው ጎኑ ከፍ ያለ፣ ለአስፋልትም ለጠጠርም የሚሆን ጎማ ነው። ቸርኬውን አሳድጎ ጎኑን ማሳጠር ለድንጋይ መስጠት ነው። የጭቃ ጎማ ለዘወትር ጭቃ ጥሩ ነው፤ በአስፋልት ላይ ግን ይጮኻል፣ ቶሎ ያልቃል፣ በዝናብም ይንሸራተታል። አራቱም ጎማዎች አንድ ልክ ይሁኑ፤ ተጠባባቂውም ጭምር።

ገንዘብ ከመላክዎ በፊት የጎማውን ጎን ፎቶ አንሥተው እንዲልኩልዎ ይጠይቁ። ዲ.ኦ.ቲ. ከሚለው ቀጥሎ ካሉት ቁጥሮች የመጨረሻዎቹ አራቱ የተሠራበትን ሳምንትና ዓመት ይናገራሉ፤ 2323 ከሆነ በ2023 ሃያ ሦስተኛው ሳምንት ላይ የተሠራ ነው። «አዲስ» ተብሎ የሚሸጥ ሁሉ አዲስ አይደለም።

እንግዲህ ጥርሱ ያላለቀ፣ ልኩ የተስማማና ነፋሱ በየወሩ የሚለካ ጎማ ካለ፣ አብዛኛው ሰው ከሚፈልገው ቦታ ያደርሰዋል። እሱ ተሟልቶም የመኪናው ሆድ መሬት የሚነካ ከሆነ፣ ያን ጊዜ ስለ ከፍታው ከታመነ ጋራዥ ጋር ይማከሩ። ዋጋውንም አላይመንቱንና መብራቱን ጨምሮ በጽሑፍ ይቀበሉ።

መንገዱን ሁሉ ጨርቅ ያድርግልን።