ተረት ከተረት ሲጋጭ

«ዝም ባለ አፍ ደጃዝማችነት አይገባም» ያለ ሰው ሁለት ተረቶችን አዳቅሏል። አንደኛው «ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም» እያለ ዝምታን ያስመርጣል፤ ሌላው «ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል» እያለ አፍህን ክፈት ይላል። ሁለቱም የአንድ ሕዝብ ብሂሎች ናቸው፤ ጎን ለጎን ሲቆሙ ግን አንዱ የሰጠውን ምክር ሌላው ይነሣል። ድቅሉ የሚያስቀው ይህን ግጭት በአንድ ትንፋሽ ስለሚያወጣው ነው። ስለዚህ ተረት ማዳቀልን እንደ ተራ ቧልት ማየት አይገባም። ተረት ትክክል የሚሆነው በቦታው ሲውል ብቻ እንደሆነ የሚያስታውስ የማመዛዘን ልምምድ ነው።

በሰው ስም የሚጠሩት የውጭ «ሕጎች»ም ከዚህ አያመልጡም። በ1949 እ.ኤ.አ. ከአሜሪካዊው መሐንዲስ ከኤድዋርድ መርፊ ጋር የተያያዘው ሕግ ሊበላሽ የሚችል ነገር መበላሸቱ አይቀርም ይላል፤ እንግሊዛዊው ፓርኪንሰን በ1955 ሥራ የተሰጠውን ጊዜ እስኪሞላ ይለጠጣል ሲል ጻፈ። ሁለቱ ሲዳቀሉ «ስሕተት የተሰጠውን ጊዜ እስኪሞላ ይለጠጣል» የሚል ይወጣል፤ ጉዳይ ይዞ ቢሮ የተመላለሰ ሁሉ ይህንንም ሕግ ብሎ ሊቀበለው ይችላል። ድቅሉ ይህን ያህል አሳማኝ ከሆነ፣ ዋናዎቹም ክብደት ያገኙት ከማስረጃ ይልቅ ከአባባላቸው ማማርና ከተሸከሙት ስም ሊሆን ይችላል። የስታትስቲክስ ሊቁ ስቲግለር በ1980 ግኝት በእውነተኛ አግኚው ስም አይጠራም የሚል ሕግ አውጥቶ፣ ሐሳቡን ቀድሞ ያገኘው ሮበርት መርተን ነው ማለቱም የስሙን ዋጋ ያሳያል።

ቀልዱ የአባቶችን ቃል ያበላሻል፣ ልጆችም የተዛባውን ይዘው ይቀራሉ የሚል ስጋት አለ። ስጋቱ ከንቱ አይደለም፤ ነገር ግን የዝንቡንና የደጃዝማችነቱን ተረት የማያውቅ ሰው በድቅሉ አይስቅም። ቀልዱ እንዲሠራ ዋናዎቹ መታወቅ አለባቸውና ልጆችን መጀመሪያ እነሱን ማስተማር ግድ ነው። ተረት ለቁም ነገርም ይውላል፤ በራያ ምድር ዘወልድ በሚባለው የሽምግልና ሥርዓት የተጣሉ ሲታረቁ፣ «ነገር በምሳሌ፣ ጠጅ በብርሌ» እንዲሉ ምሳሌ ነገር ያቀናል። እንዲህ ባለ ሸንጎ ቧልት ቦታ የለውም፤ ያም ሆኖ አንዱ ወገን ተረት ሲጠቅስ ሌላው ተቃራኒውን ማንሣቱ አይቀርም፣ ዳኝነቱም ለጉዳዩ የሚስማማውን መለየት ይሆናል። በስብሰባም ሆነ በቤት ውስጥ አንድ አባባል ክርክር ሊዘጋ ሲመጣ፣ ተቃራኒውን አንሥቶ «ለዛሬው ነገር የቱ ይሠራል?» ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል።