ቮልሱን ከሻንሲው ከማንሳታችሁ በፊት ጋሪውን ሥሩ

አጎቴ ዕድሜዋ የእኔን እጥፍ የሆነ ቮልስ አለችው። ከሦስት ዓመት በፊት «አድሳታለሁ» ብሎ ተነሳ። ሰፈር ውስጥ ያለ አንድ ባትላሜራ ተጠራ፣ አምስት ጎረምሳም ተጠራ። አንዱ እኔ ነበርኩ። ቦዲው «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» ተብሎ ከሻንሲው ላይ ተነሳና ግቢው ጥግ ላይ ተቀመጠ። በምን ላይ? በሦስት አሮጌ ጎማና በአንድ ብሎኬት ላይ።

ባትላሜራው ከበሩ ሥር ያለውን የበሰበሰ ብረት ቆርጦ አወጣ። ከዚያ ብር አለቀ፣ ሥራው ቆመ፣ ክረምት ገባ። ጭቃው ላላና ብሎኬቱ ያለበት ጥግ ቀስ እያለ ሰመጠ። ማንም ልብ አላለውም። መስከረም ላይ አዲሱ ብረት ተበይዶ ቦዲው ሻንሲው ላይ ሲመለስ የግራው በር አልዘጋም አለ። ከላይ ክፍተቱ ጣት ያስገባል፣ ከታች ደግሞ ብረት ከብረት ይፋጫል። ባትላሜራው ማጠፊያውን በመዶሻ መታ መታ አደረገና በሩ «ተዘጋ»። የቀረውን ስቱኮ ሸፈነው። ዛሬም ያ በር የሚዘጋው በትከሻ ተገፍቶ ነው።

ጥፋቱ የባትላሜራው ብቻ አልነበረም። እኛም ቦዲው ቅርጹን ይዞ የሚቆምበት ነገር ሳናዘጋጅ ነው ያነሳነው። ያ ነገር የቦዲ ጋሪ ይባላል። ከብረት የተበየደ፣ አራት ጎማ ያለው ቀላል ማዕቀፍ ነው። እዚሁ ሰፈር ውስጥ ይሠራል፣ በያጅ ካገኛችሁ ደግሞ የአንድ ቀን ሥራ ነው። በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ከተከለከለ ወዲህ «የአባቴን መኪና ባድሳትስ?» የሚል ወጣት ሲበዛ እያየሁ ነው። ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ እንየው።

ቮልስ ለምን ለየት ትላለች?

ቮልስ የሁለት ነገር ጥምር ናት። ከታች ጠፍጣፋ ወለል አለ፣ መሃል ለመሃል ወፍራም የጀርባ አጥንት የመሰለ ቱቦ የሚያልፍበት። ሞተሩ፣ ካምቢዮው፣ ጎማዎቹና መሪው በዚህ ወለል ላይ ናቸው። ከላይ ደግሞ ቦዲው እንደ ክዳን ይደፋና ዙሪያውን በቡሎን ይታሰራል። ትንንሾቹ ቡሎኖች በብዙዎቹ መኪኖች ላይ በ13 ቁልፍ ይፈታሉ። ዋናዎቹ አራቱ (ሁለት ከፊት፣ ሁለት ከኋላ) በ17።

ቡሎኖቹ ተፈተው ቦዲው ሲነሳ ወለሉ በራሱ ጎማ ቆሞ ይቀራል፣ ወደፈለጋችሁበት ትገፉታላችሁ። ቦዲው ግን እግር የለውም። ጋሪው የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው።

(ላዳ ያላችሁ፣ ይሄ ለእናንተ እንዳለ አይሠራም። የላዳ ቦዲና ሻንሲ አንድ ላይ የተበየደ ነው፣ አይነጣጠልም። ለሱ የሚሠራው ጋሪ የሚይዘው እግሮቹ የሚታሰሩባቸውን ቦታዎች ነው፣ ሐሳቡ ግን ተመሳሳይ ነው።)

ቦዲው ለምን ይጣመማል?

በሁለቱም ጎን ከበሩ ሥር ከፊት እስከ ኋላ የሚሄድ፣ ውስጡ ባዶ የሆነ ብረት አለ። ሁለት ሥራ አለው። አንደኛ፣ የቮልስ ሞተር በአየር የሚቀዘቅዝና ከኋላ ያለ ስለሆነ ከሱ የሚወጣው ሙቀት ወደ ሳሎን የሚመጣው በዚህ ባዶ ብረት ውስጥ ነው። ሁለተኛ፣ ቦዲውን ከታች ቀጥ አድርጎ የሚይዘው እሱ ነው። ውኃና አቧራ ውስጡ ስለሚጠራቀም የሚበሰብሰው ከውስጥ ወደ ውጭ ነው፣ ቀለሙ አበጠ ብላችሁ ስትነኩት ጣታችሁ ያልፋል።

አሁን አስቡት። ቦዲው ከወለሉ ተነስቷል፣ አንዱ ደጋፊው ሄደ። ከዚያ ይሄ የበር ሥር ብረት ተቆረጠ፣ ሁለተኛውም ሄደ። የቀረው ትልቅ የበር ቀዳዳ ያለው ላሜራ ነው። ካርቶን መስኮት ቆርጣችሁበት ስትይዙት እንደሚወላገደው ይወላገዳል። በዚያ ሁኔታ አዲሱ ብረት ከተበየደ ጠማማነቱ ለዘለዓለም ተቆለፈ ማለት ነው።

ስለዚህ ከጋሪውም በፊት የሚመጣ ሥራ አለ፤ መወጠሪያ። ቦዲው ገና ሻንሲው ላይ እንደታሰረ፣ በሮቹ በደንብ በሚዘጉበት ሰዓት፣ የበሩ ቀዳዳ ከፊተኛው ምሰሶ ወደ ኋለኛው በብረት ይወጠራል። አንድ አግድም፣ አንድ ሰያፍ። ከግራ በር ወደ ቀኝ በርም አንድ ብረት ይሻገራል። ቀጭን አንጎላሬ ይበቃል፣ በኋላ ተቆርጦ የሚወጣ ነው። ከመበየዱ በፊት ግን ስልካችሁን አውጡ። ሜትሩን በበሩ ክፍተት ላይ ዘርግታችሁ ልኩ እንዲነበብ አድርጋችሁ አንሱት፣ በአራቱም ጎን፣ ሁለቱንም በር። እኛ ያኔ ያነሳነው ሰልፊ ብቻ ነበር።

ወደ ጋሪው እንግባ

መጀመሪያ ልክ። ኢንተርኔት ላይ የቮልስ ጋሪ ንድፍ ሞልቷል፣ እናንተ ግን ልኩን ከራሷ ከመኪናዋ ውሰዱ። ሃምሳ ዓመት ሙሉ ስትጋጭና ስትበየድ የኖረች መኪና ከፋብሪካ ልክ ጋር ላትገጥም ትችላለች። የምትለኩት የአራቱን ዋና ቡሎኖች ቦታ ነው። የፊቶቹ ሁለቱ ከነዳጅ ታንኩ ሥር ናቸው፣ ታንኩ ካልወጣ አይታዩም። የኋላዎቹ በኋላ ጎማዎቹ አካባቢ ናቸው።

ቦዲው ጋሪው ላይ የሚቀመጠውም በእነዚሁ አራት ነጥቦች ላይ ነው። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ነው የሚሳሳተው። ጋሪውን ልክ እንደ አልጋ ሠርቶ ቦዲውን በበር ሥር ብረቱ ላይ ያስቀምጠዋል። ለመቀባት ብቻ ከሆነ ችግር የለውም። ግን የምትቆርጡት እሱኑ ብረት ከሆነ የተቀመጣችሁበትን ቅርንጫፍ መቁረጥ ነው። የፊትና የኋላው ነጥብ ከተያዘ መሃሉ ነፃ ይሆናል፣ በያጁም ከሥር እንደልቡ ይገባል።

ብረቱ 40 በ40 ሚሊ ሜትር የሆነ፣ ውፍረቱ 2 ሚሊ ሜትር ቱቦላሬ ቢሆን በቂ ነው። እንበልና የታችኛው ማዕቀፍ 2.40 ሜትር በ1.20 ሆነ። ሁለት ረጅም፣ አራት አግድም፣ አራት ቋሚ እግር፣ ከላይ ቦዲው የሚያርፍባቸው ሁለት አግዳሚዎች፣ በየእግሩ ሰያፍ ድጋፍ። ሲደመር 17 ሜትር ገደማ ነው። ቱቦላሬ በ6 ሜትር ዘንግ ስለሚሸጥ ሦስት ዘንግ ግዙ። አዲስ መግዛት ከከበዳችሁ ምናለሽ ተራ ሂዱ፣ ብቻ ውስጡን በስልክ መብራት እያያችሁ። ከውጭ የተቀባ፣ ከውስጥ ዝገት የበላው ብረት እዚያ ሞልቷል።

ቆርጣችሁ ስትገጥሙ ወዲያው ሙሉ በሙሉ አትበይዱ። መጀመሪያ በነጥብ ብቻ ያዙት። ከዚያ ከጥግ ወደ ተቃራኒው ጥግ በሜትር ለኩ፣ ሁለቱንም። በዚህ ምሳሌ ሁለቱም 2 ሜትር ከ68 ሳንቲም መምጣት አለባቸው። ቁጥሩ ራሱ ያን ያህል አያሳስብም፣ ሁለቱ እኩል መሆናቸው ነው ዋናው። አንዱ ከረዘመ ማዕቀፉ ዘሟል፣ በረጅሙ በኩል መታ መታ አድርጋችሁ እኩል አድርጉት። ሲበየድም አንዱን ጥግ ጨርሶ ወደ ሌላው መሄድ አይደለም፣ እያፈራረቁ ነው። ብረት ሲሞቅ ይለጠጣል፣ ሲበርድ ይሰበሰባል፣ አንድ በኩል ብቻ ካሞቃችሁት ወደዚያ ይጎትታል።

ከፍታው የክርክር ጉዳይ ነው። ከፍ ሲል ለወገብ ይመቻል፣ ግን ለመገልበጥም ይቀላል። እኔ ከመሬት ከ50 እስከ 60 ሳንቲም በቂ ነው ባይ ነኝ። ከዚያ በላይ ከፈለጋችሁ የታችኛውን ማዕቀፍ አስፉት።

ጎማው ላይ አትቆጥቡ

ሱቅ ውስጥ የምታዩዋት ያቺ የወንበር ጎማ የመሰለች ትንሽ ነገር ለሲሚንቶ ወለል ናት። የእኛ ግቢ ኮብል ስቶን ነው፣ ወይም ጭቃ። ትንሿ ጎማ ድንጋይ መሃል ትገባና ጋሪው ድንገት ቀጥ ይላል፣ ቦዲው ግን ወደፊት መሄዱን ይቀጥላል። 15 ሳንቲም አካባቢ ወይም ከዚያ የሚበልጥ፣ ዙሪያውን የሚዞር፣ ቢያንስ ሁለቱ መቆለፊያ ያላቸው ይሁኑ።

ሌላ ነገር፣ ጎማ ስትገዙ የሚችለውን ኪሎ ጠይቁ። ሒሳቡ ደግሞ ጠቅላላውን ክብደት ለአራት ማካፈል አይደለም፣ ለሦስት ነው። ወጣ ገባ መሬት ላይ ሁሌም አንዷ ጎማ አየር ላይ ናትና። ቦዲውና ጋሪው አብረው 300 ኪሎ ቢሆኑ እያንዳንዷ ጎማ 100 ኪሎ መቻል አለባት፣ 75 አይደለም።

ብየዳ ሲጀመር

ይሄኛውን ክፍል እንዳትዘሉት። የቮልስ ነዳጅ ታንክ ከፊት ነው፣ ከዳሽቦርዱ ወዲያ ማዶ። መወጠሪያውን ለመበየድም ቢሆን ታንኩ ቀድሞ ይውጣ፣ ከግቢውም ራቅ ይበል። «ባዶ ነው እኮ» የሚል ሰው አይጠፋም። ባዶ ታንክ ውስጥ ያለው ትነት ከሙሉ ታንክ ይበልጥ አደገኛ ነው። ባትሪው ደግሞ ከኋላ ወንበር ሥር በቀኝ በኩል ነው፣ እሱም ይነቀል። እግረ መንገዳችሁን ከሥሩ ያለውን ወለል ተመልከቱ፣ አሲዱ በልቶት ሊሆን ይችላል።

ለጋሪው የውኃ ቧንቧ ብረት ለመጠቀም ያሰበ ካለ ደግሞ፣ ያ የሚያብረቀርቀው ሽፋን ዚንክ ነው። ሲበየድ ነጭ ጭስ ያወጣል፣ የተነፈሰው ሰው ማታ እንደ ወባ ይንቀጠቀጣል። ካልቀረ ሽፋኑን በግራይንደር ፍቁት፣ አፍንጫችሁን ሸፍኑ፣ ሥራውም ደጅ ላይ ይሁን።

ቦዲውን ማንሳት

ከማንሳታችሁ በፊት ሁለቱን የሚያገናኝ ነገር በሙሉ መላቀቅ አለበት፤ የመሪው ዘንግ፣ የኤሌክትሪክ ሽቦው፣ የፍሬን ዘይት ቱቦው፣ ከፊት ግራ ጎማ የሚመጣው የፍጥነት መቁጠሪያው ገመድ፣ የነዳጁ ጎማ፣ የማሞቂያው ቱቦዎች። ሞተሩን ቀድሞ ማውረድም ያቀላል፣ ከካምቢዮው ጋር የተያያዘው በአራት ቦታ ብቻ ነው። አንዷ ሽቦ ከተረሳች ስድስት ሰው ቦዲውን አየር ላይ ይዞ «ቆይ፣ ቆይ!» እየተባባለ ይቆማል። ያን ጊዜ ነው ጣት የሚቀረው።

ስድስት ሰው ይበቃል፣ ሰባተኛው አያነሳም፣ ያያል። ትዕዛዝ የሚሰጠውም እሱ ብቻ ነው። ቦዲው ከፍ ካለ በኋላ ወለሉን በራሱ ጎማ ወደ ኋላ አውጡት፣ ጋሪውን በቦታው ግፉት፣ አውርዱት። ሰው ቦዲውን ተሸክሞ መራመድ የለበትም። ከዚያ አራቱ ቡሎኖች ጋሪው ላይ ይታሰሩ። ዝም ብሎ የተቀመጠ ቦዲ በመጀመሪያው ኮብል ስቶን ይንሸራተታል። በየአሥራ አምስት ቀኑም የበሩን ክፍተት ለኩና ስልካችሁ ላይ ካለው ፎቶ ጋር አስተያዩ። ዝናብ ሲመጣ ጋሪውን ወደ ጥላ ትገፉታላችሁ፣ አከራይ መኪና ማስገባት ሲፈልግም ወደ ጥግ።

ሲመለስ ደግሞ በወለሉና በቦዲው መሃል የምትገባው ጎማ አዲስ ትሁን። ቡሎኖቹን ሁሉ በጣት ብቻ አስገቡ፣ አታጥብቁ። በሮቹን ዝጉ፣ ክፍቱን ከፎቶው ጋር አመሳክሩ። ከገጠመ አጥብቁ፣ ከዚያ በኋላ ብቻ መወጠሪያውን ቁረጡ። ካልገጠመ ገና ቀለም አልተቀባም፣ ስቱኮም አልፈሰሰም፣ መልሳችሁ ማንሳት ትችላላችሁ። ጋሪው እዚያው ነው ያለው።