ኮምፕሬሰር፡- ከመግዣ ዋጋው ይልቅ የኤሌክትሪክ ወጪው የሚከብድ መሣሪያ

በጨርቃ ጨርቅ፣ በሲሚንቶ፣ በመጠጥና በብረታ ብረት ፋብሪካዎች እንዲሁም በጋራዦች የታመቀ አየር ከኤሌክትሪክ፣ ከውኃና ከነዳጅ ጋር የሚመደብ መሠረታዊ ግብዓት ነው። ዘመናዊ የሽመና መሣሪያዎች ማግን በድር መካከል የሚያሳልፉት፣ የሲሚንቶ ፋብሪካዎች የአቧራ ማጣሪያ ከረጢቶችን የሚያራግፉት፣ የመጠጥ ፋብሪካዎችም የፕላስቲክ ጠርሙስ የሚነፉት በዚሁ አየር ነው።

አየር በነፃ የሚገኝ ቢሆንም አየርን ማመቅ ግን ከፍተኛ ወጪ ይጠይቃል። ኮምፕሬሰር ከሚወስደው ኤሌክትሪክ ውስጥ ጠቃሚ ሥራ ሆኖ የሚገኘው በአብዛኛው ከ10 እስከ 15 በመቶ ያህሉ ብቻ ሲሆን፣ ቀሪው ወደ ሙቀትነት ተለውጦ ይባክናል። ለአብነት ያህል 75 ኪሎዋት የሚወስድ አንድ ኮምፕሬሰር በዓመት 6 ሺህ ሰዓት በሙሉ አቅሙ ቢሠራ 450 ሺህ ኪሎዋት ሰዓት ኤሌክትሪክ ይፈጃል። በመሆኑም መሣሪያው በሚያገለግልባቸው ዓመታት ለኤሌክትሪክ የሚከፈለው ገንዘብ ከመግዣና ከጥገና ወጪው ድምር በእጅጉ ይበልጣል። ከመስከረም 2017 ዓ.ም ጀምሮ በየደረጃው ተግባራዊ መሆን የጀመረው የኤሌክትሪክ ታሪፍ ማሻሻያም ጉዳዩ ይበልጥ ትኩረት እንዲያገኝ የሚያደርግ ነው።

በተቋማት ዘንድ በተደጋጋሚ የሚሰማው ቅሬታ «የአየር ግፊቱ አልበቃ አለ» የሚል ሲሆን፣ የተለመደው መፍትሔም ተጨማሪ ኮምፕሬሰር በውጭ ምንዛሪ እንዲገዛ መጠየቅ ነው። ይሁንና በብዙ ሁኔታዎች እጥረቱ የሚመነጨው ከኮምፕሬሰሩ አቅም ማነስ ሳይሆን ከሚያመልጠው አየር፣ ከተዘጋ ማጣሪያና ከጠበበ የቧንቧ መስመር ነው።

የሚያመልጥ አየር

ተገቢው ክትትል በማይደረግለት መስመር ላይ ከሚመረተው አየር ከ20 እስከ 30 በመቶ የሚሆነው በመጋጠሚያዎች፣ በጎማ ቱቦዎች፣ በቫልቮችና በውኃ ማስወገጃዎች በኩል ሊያመልጥ ይችላል። በአግባቡ በሚጠገን መስመር ግን ይህን ብክነት ከ10 በመቶ በታች ማድረግ ይቻላል። በ7 ባር ግፊት በሚሠራ መስመር ላይ ያለ የ3 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ የ3 ኪሎዋት ያህል ኃይል ያባክናል። መስመሩ በዓመት 8 ሺህ ሰዓት የሚሠራ ከሆነ ብክነቱ 24 ሺህ ኪሎዋት ሰዓት ይደርሳል። የሚያመልጥ አየር እንደ ውኃ ወለል ስለማያርስ፣ እንደ ዘይትም ስለማያበላሽ፣ ድምፁም በፋብሪካው ጩኸት ስለሚዋጥ ለረጅም ጊዜ ሳይታወቅ ይቆያል።

የብክነቱን መጠን ለማወቅ ውድ መሣሪያ የግድ አያስፈልግም። አየር ተጠቃሚ ማሽኖች በሙሉ ሥራ ባቆሙበት ሰዓት ኮምፕሬሰሩ ብቻ እንዲሠራ ተደርጎ፣ አየር እያመቀ የቆየበትና ሳያምቅ የቆየበት ጊዜ በሰዓት ይመዘገባል። በጠቅላላው 10 ደቂቃ ውስጥ 3 ደቂቃ አየር ሲያምቅ ከቆየ 30 በመቶ የሚሆነው አቅሙ የሚያመልጠውን አየር ለመተካት ብቻ ይውላል ማለት ነው። ቀዳዳዎቹ ያሉበትን ቦታ ለመለየት ደግሞ በመጋጠሚያዎች ላይ የሳሙና አረፋ መቀባት በቂ ነው።

ቀዳዳዎቹ ከተደፈኑ በኋላ የኮምፕሬሰሩ መቆጣጠሪያም በድጋሚ ሊስተካከል ይገባል። የስክሩ ዓይነት ኮምፕሬሰር አየር ሳያምቅ ባዶውን ሲሽከረከር እንኳ በሙሉ አቅሙ ሲሠራ ከሚወስደው ኃይል ከ15 እስከ 35 በመቶ የሚሆነውን ስለሚወስድ፣ ሥራ በሌለበት ጊዜ እንዲጠፋ ካልተደረገ የሚጠበቀው ቁጠባ በሙሉ አይገኝም።

ግፊትና የዘወትር ጥገና

ግፊት ሲያንስ የኮምፕሬሰሩን ግፊት ከፍ ማድረግ ቀላል ቢመስልም ችግሩን ያባብሰዋል። የግፊቱ መጠን በ1 ባር በጨመረ ቁጥር የኃይል ፍጆታው ከ6 እስከ 7 በመቶ ይጨምራል፤ በየቀዳዳው የሚያመልጠው አየርም አብሮ ይጨምራል። ስለሆነም ተቋማት ማሽኖቻቸው በእርግጥ የሚፈልጉትን ግፊት ለይተው ከዚያ ያላለፈ ግፊት መጠቀም አለባቸው።

ኮምፕሬሰሩ የሚስበው አየር ቀዝቃዛና ንጹሕ መሆኑም ወሳኝ ነው። የሚገባው አየር ሙቀት በ4 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በጨመረ ቁጥር የኃይል ፍጆታው በ1 በመቶ ገደማ ከፍ ይላል። በመሆኑም መሣሪያው የሚያስወጣው ሙቀት ተመልሶ በማይገባበት፣ በቂ አየር በሚዘዋወርበት ክፍል መተከል ይኖርበታል። ከዚህ በተጨማሪ የአየር ፊልትሮን ማጽዳትና በወቅቱ መቀየር፣ ዘይት በአምራቹ መመሪያ መሠረት መተካት፣ የቺንጊያን ውጥረት ማስተካከል፣ የማቀዝቀዣ ክንፎችን ከአቧራ መጥረግና በታንኩ ሥር የሚጠራቀመውን ውኃ በየዕለቱ ማስወገድ ያስፈልጋል። ታንኩ በዝገት ተዳክሞ እንዳይፈነዳ የሚደረገው ፍተሻና የግፊት ማስተንፈሻ ቫልቩ ምርመራ የሠራተኞች የደኅንነት ጉዳይ በመሆኑ ለሌላ ጊዜ የሚተላለፍ አይደለም።

የቦታ ከፍታና የግዢ መግለጫ

ከእነዚህ እርምጃዎች በኋላም ግዢው አስፈላጊ ሆኖ ከተገኘ በደጋማው የአገሪቱ ክፍል ለሚገኙ ተቋማት የቦታ ከፍታ መዘንጋት የለበትም። የአምራቾች የአቅም መግለጫ በአብዛኛው የሚዘጋጀው የባሕር ጠለል አካባቢን የአየር ግፊት መሠረት አድርጎ ነው። ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2 ሺህ 350 ሜትር ከፍታ ላይ በምትገኘው አዲስ አበባ ግን የከባቢ አየር ግፊት በሩብ ገደማ ያንሳል። በባሕር ጠለል 7 ባር የጌጅ ግፊት ለማግኘት አየሩ 8 ጊዜ ያህል የሚታመቅ ሲሆን፣ በአዲስ አበባ ከ10 ጊዜ በላይ መታመቅ ይኖርበታል። መደበኛ የኤሌክትሪክ ሞተሮችም የሚሠሩት እስከ 1 ሺህ ሜትር ከፍታ ታሳቢ ተደርጎ በመሆኑ፣ ከዚያ በላይ አየሩ ስለሚሳሳ የማቀዝቀዝ አቅማቸው ይቀንሳል። ስለዚህ የተከላው ቦታ ከፍታና የሙቀት መጠን በጨረታ ሰነዱ ላይ በግልጽ ካልሰፈረ፣ በዋጋ ዝቅተኛ ሆኖ የቀረበው መሣሪያ ከተተከለ በኋላ የሚፈለገውን አየር ላይሰጥ ይችላል።

የኃላፊዎች ድርሻ

የኢነርጂ አዋጅ ቁጥር 810/2006 የኢነርጂ ብቃትና ቁጠባን የሕግ ማዕቀፍ ያበጀለት ሲሆን፣ አይኤስኦ 11011 የተሰኘው ዓለም አቀፍ ደረጃም የታመቀ አየር ሥርዓት የኃይል አጠቃቀም እንዴት እንደሚመረመር ይደነግጋል። በተቋም ደረጃ ግን ውጤቱን የሚወስነው የዕለት ተዕለት ክትትሉ ነው። የአዲስ ኮምፕሬሰር ግዢ ጥያቄ የሚቀርብላቸው ኃላፊዎች ከመፈረማቸው በፊት የብክነት ልኬቱ ውጤት፣ በሥራ ላይ ያለው የግፊት መጠንና የጥገና መዝገቡ አብረው እንዲቀርቡላቸው መጠየቅ ይጠበቅባቸዋል። የአንድ ቀን ልኬትና ጥቂት መጋጠሚያዎች አዲሱን ኮምፕሬሰር የማያስፈልግ ሊያደርጉት ይችላሉና።