የዳኛ ትዕዛዝ ከጣቢያ በር ሲመለስ

ዋስትና የተፈቀደለት እስረኛ ቤተሰብ የሚያልፍበትን መንገድ የፍርድ ቤት ደጅ የጠና ሁሉ ያውቀዋል። ችሎቱ ዋስትናውን ይፈቅዳል። ቤተሰብ ካለው አሰባስቦ፣ ከሌለው ተበድሮ ገንዘቡን ያስይዛል፤ ደረሰኙ ከመዝገቡ ጋር ይያያዛል፤ ማኅተም ያረፈበት መፍቻም ይጻፋል። መፍቻው ጣቢያ ሲደርስ ግን አዛዡ የሉም፣ መርማሪው ስብሰባ ላይ ነው፣ ተረኛው ደግሞ ከበላይ አካል የተነገረው ነገር የለም። በማግስቱ ሰውየው በሌላ ወንጀል ተጠርጥሯል ይባላል። አለዚያም የሌላ ክልል ፖሊስ ፈልጎት በሌሊት ተወስዷል፤ ምግብ ይዛ የመጣች እህቱም ሳህኗን እንደያዘች «እዚህ የለም» ተብላ ትመለሳለች። የሰብአዊ መብት ጠበቆች ለዓመታት ሲጮኹበት የኖሩት ይህ ነው፤ ጩኸታቸውም ትክክል ነው። አገሪቱ ሕግ አላነሳትም። ያነሳት፣ የዳኛ ትዕዛዝ ሲጣስ በስሙና በማዕረጉ ተጠርቶ «ለምን?» የሚባል ሰው ነው።

ሕጉማ ሞልቷል። የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ዳኛ ፊት ይቅረብ የሚለው ድንጋጌ ብዙዎች የ1987ቱ ሕገ መንግሥት ትሩፋት ይመስላቸዋል። ከዚያ በፊት ግን በ1948ቱ የተሻሻለው የንጉሠ ነገሥቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 51 ላይ ሰፍሮ ነበር። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግም በአንቀጽ 29 ደገመው። ይኸው ሕግ በአንቀጽ 59 የጊዜ ቀጠሮ በአንድ ጊዜ ከ14 ቀን እንዳይበልጥ ወሰነ፤ ስንት ጊዜ ሊደጋገም እንደሚችል ግን ሳይናገር አለፈ። መርማሪዎች ምስክር ይቀረናል፣ ግብረ አበር አልተያዘም፣ የቴክኒክ ማስረጃ አልመጣልንም እያሉ ሰውን ለወራት የሚያቆዩት በዚህች ክፍተት ነው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በበኩሉ በአንቀጽ 19 የዋስትናን መብት አጸና፤ በጊዜው ፍርድ ቤት ያልቀረበ ሰው አካሉ ነፃ እንዲወጣለት የመጠየቅ መብቱም ሊጣስ እንደማይችል ደነገገ። የዚህ አቤቱታ አቀራረብ በ1958ቱ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ከአንቀጽ 177 ጀምሮ ተዘርዝሯል። በ2013 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል ፍርድ ቤቶች አዋጅ ቁጥር 1234 ደግሞ ከፍተኛው ፍርድ ቤት ሰብአዊ መብትን ለማስከበር ትዕዛዝ እንዲሰጥ ሥልጣን ጨመረለት።

ዋስትናን ከውጭ የተቀዳ ቅንጦት አድርጎ የሚያይ ሰው የአገሩን የሙግት ታሪክ ይመልከት። በቀድሞው ሥርዓት ባላንጣውን መንገድ ላይ ያገኘ ሰው «በሕግ አምላክ!» ብሎ ያስቆመዋል፤ የተጠራውም መቆም ግዴታው ነው። ከዚያ በአቅራቢያቸው ያገኙትን አላፊ አግዳሚ ዳኛ አድርገው ይሰይማሉ፤ ዋስ ይጠራራሉ፤ ዋስ የጠራ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ዋስ ያጣ ተከሳሽ እንኳ ከከሳሹ ጋር በነጠላ ጫፍ ተቋጥሮ ይቆራኛል እንጂ ከሰው ዓይን አይሰወርም፤ የት እንዳለ የማያውቅ ዘመድ አይኖረውም። ከዚህ ጎን ለጎን የኖረው አውጫጭኝ ሌላ ጠባይ ነበረው። ወንጀለኛው ያልታወቀ እንደሆነ የአካባቢው ሰው በሙሉ ሜዳ ላይ ተሰብስቦ፣ አጥፊውን እስኪያወጣ ድረስ ከቦታው ንቅንቅ እንዳይል ይደረጋል። ስለዚህ ሁለት ውርስ አለን። አንደኛው ሰውን በዋስ አምኖ ይለቃል፤ ሁለተኛው ሁሉንም ይዞ ጥፋተኛውን ኋላ ይፈልጋል። የተጻፈው ሕግ የመጀመሪያውን መረጠ፤ የጣቢያው ልማድ ግን ወደ ሁለተኛው ያደላል።

የዘመናችን የመጀመሪያ ትልቅ ፈተና የመጣው በ1993 ዓ.ም. ነው። ሕወሓት ለሁለት በተከፈለበት ወቅት የቀድሞው የመከላከያ ሚኒስትር አቶ ስዬ አብርሃ በሙስና ተጠርጥረው ታሰሩ። ጉዳዩን ያየችው ዳኛ ብርቱካን ሚደቅሳ ዋስትና ፈቀደችላቸው። አቶ ስዬ ግን ከፍርድ ቤቱ ሲወጡ ደጃፉ ላይ እንደገና በፖሊስ ተያዙ። ወዲያውም ምክር ቤቱ በአዋጅ ቁጥር 239/1993 በሙስና የተጠረጠረ ሰው ዋስትና እንዳይፈቀድለት ደነገገ። እርሳቸውም በእስር 6 ዓመት ያህል ቆዩ። የክሱ እውነትነት ሌላ ክርክር ነው። ለእኛ ጉዳይ የሚከብደው፣ መንግሥት በዳኛዋ ውሳኔ ቅር ከተሰኘ የይግባኝ በር ክፍት ሆኖለት ሳለ በመጀመሪያ ፖሊስ፣ ቀጥሎም ሕግ አውጪ መላኩ ነው። በዚያ ቀን አንድ የፖሊስ አዛዥ ለፍርድ ቤት መልስ እንዲሰጥ ተገድዶ ቢሆን ኖሮ፣ ከእርሱ በኋላ የመጡት ሁሉ ሁለት ጊዜ ያስቡ ነበር። ያልተጠየቀ ጥሰት ግን ለተከታዩ ፈቃድ ሆነ።

ተከታዮቹም መጡ። በ2013 ዓ.ም. መግቢያ ላይ ፍርድ ቤት በ100 ሺህ ብር ዋስ እንዲለቀቁ ያዘዘላቸው ፖለቲከኛው አቶ ልደቱ አያሌው ትዕዛዙ ሳይፈጸምላቸው በእስር ቆይተዋል። በ2012 ዓ.ም. የታሰሩት የኦሮሞ ነፃነት ግንባር አመራሮች፣ ፍርድ ቤቶች ደጋግመው እንዲፈቱ ቢያዙም፣ ከ4 ዓመት በላይ ታስረው የተለቀቁት በ2016 ዓ.ም. ማብቂያ ነው። የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን ስለ እነዚህም ሆነ ስማቸው ዜና ስላልሆነ እስረኞች ደጋግሞ መግለጫ አውጥቷል፤ የፍርድ ቤት ትዕዛዝ ይከበር ሲልም ወትውቷል። ስመ ጥሩ ፖለቲከኛ መግለጫ ይወጣለታል። በወረዳ ጣቢያ የተያዘ የቀን ሠራተኛ ግን ሥራውን ያጣል፣ የቤት ኪራዩ ይወዘፋል፣ ልጆቹ ከትምህርት ይቀራሉ፤ ስለ እርሱ የሚጽፍም የለም።

ታዲያ አጥፊው ለምን አይጠየቅም? የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 423 ሰውን ከሕግ ውጭ የያዘ ወይም ያሰረ የመንግሥት ሠራተኛ እስከ 10 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራትና በመቀጮ እንደሚቀጣ በግልጽ ይናገራል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2126 ደግሞ ሠራተኛው በጥፋቱ ላደረሰው ጉዳት እንዲክስ፣ ጥፋቱ ከሥራው የመነጨ ከሆነም ተጎጂው ከመንግሥት ካሣ እንዲጠይቅ ይፈቅዳል። በዚህ ረገድ የእኛ ሕግ ከአሜሪካ የጠነከረ ነው ማለት ይቻላል። እዚያ በ1871 እ.ኤ.አ. የወጣ ሕግ ዜጋ ፖሊስን እንዲከስ ቢፈቅድም፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ከ1967 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የገነባው ያለመከሰስ ከለላ ብዙውን ክስ ገና ከበሩ ይመልሰዋል፤ የዜጎች መብት ጠበቆችም ሙግታቸው ያንን ከለላ ማስነሳት ነው። የእኛ ፖሊስ እንዲህ ያለ የተጻፈ ከለላ የለውም። ያልተጻፈ ግን አለው። በፖሊስ ላይ የቀረበን አቤቱታ የሚመረምረው ራሱ ፖሊስ ነው፤ ክስ የሚመሠርተውም ዐቃቤ ሕግ በየቀኑ ከዚያው ፖሊስ ጋር የሚሠራ ነው። ችሎት ቀርቦ እንዲያስረዳ የታዘዘ አዛዥ ሳይመጣ ሲቀር መዝገቡ ለሌላ ቀን ይቀጠራል። ቀጠሮው ሲደርስም ሌላ ቀጠሮ ይሰጣል።

በዚህ ላይ የሚነሳው ትልቁ መቃወሚያ የጸጥታ ጉዳይ ነው። አገር በጦርነትና በትጥቅ ግጭት ስትናጥ አደገኛ ሰው በዋስ ወጥቶ ሌላ ጥፋት ቢያደርስ ማን ይጠየቃል ይባላል። ስጋቱ የሚናቅ አይደለም። ነገር ግን ሕጉ ለዚህ ስጋት መልስ ሳያዘጋጅ አልቀረም። ሕገ መንግሥቱ ራሱ ፍርድ ቤት በልዩ ሁኔታ ዋስትና ሊከለክል እንደሚችል ይናገራል፤ ዐቃቤ ሕግም ውሳኔው ካልጣመው በይግባኝ ሊያሳግደው ይችላል። ከዚያ ያለፈ አደጋ ሲመጣ አንቀጽ 93 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ይፈቅዳል፤ ከምክር ቤት ማጽደቂያና ከመርማሪ ቦርድ ጋር። በ2014 እና በ2015 ዓ.ም. ይኸው በር ተከፍቷል። ለአደጋ ጊዜ የተለየ ሥርዓት ካለ፣ አዋጅ በሌለበት ቀን መፍቻን መሳቢያ ውስጥ መቆለፍ በምን ይጸድቃል? ዳኞቹም ቢሆኑ ይሳሳታሉ፣ አንዳንዶቹም ይደለላሉ የሚል አለ። የተደለለ ዳኛ ካለ የዳኞች አስተዳደር ጉባኤ አለለት፤ የጣቢያ አዛዥ የይግባኝ ሰሚ ችሎት ሆኖ አያውቅም።

ሌላው መቃወሚያ የበለጠ ሰብአዊ ነው። ተረኛው ፖሊስ ምን ያድርግ? ደመወዙ ትንሽ፣ አለቃው ብዙ፣ እምቢ ቢል ከሥራ የሚባረረው እርሱ ነው። ይህን የሚሉ ሰዎች እውነት አላቸው። የወንጀል ሕጉም አያልፈውም፤ በአንቀጽ 73 እና 74 መጀመሪያ ያዘዘውን አለቃ፣ ቀጥሎም ሕገ ወጥነቱን እያወቀ የፈጸመውን የበታች ይጠይቃል። ስለዚህ የጠበቆቹ ጥያቄ ምስኪኑን ተረኛ መስቀል አይደለም፤ ትዕዛዙ እስከ ተነሣበት ወንበር ድረስ መውጣት ነው። ያ ይቻላል? በኅዳር 2011 ዐቃቤ ሕግ በደኅንነትና በፖሊስ የቀድሞ ኃላፊዎች ላይ ስለ ድብቅ እስር ቤቶችና ስለ ማሰቃየት በይፋ ሲናገር እንደሚቻል አይተናል። ያየነው ግን ከሥልጣን በወረዱ ሰዎች ላይ ነው። ተጠያቂነት ወንበር የለቀቀን ብቻ የሚያገኝ ከሆነ፣ ወንበር ላይ ላለው የሚያስተምረው ነገር ቢኖር ወንበሩን አጥብቆ መያዝን ነው።

መፍትሔው ሌላ ረጅም አዋጅ አይጠይቅም። መፍቻ ሲጻፍ የጣቢያውን ኃላፊ በስሙ ይጥራ፤ የሚፈጸምበትን ሰዓት ይወስን፤ ካልተፈጸመም ኃላፊው በጽሑፍ ምክንያቱን ይዞ በአካል እንዲቀርብ ይዘዝ። ሳይቀርብ ቢቀር ተይዞ ይቅረብ። ዐቃቤ ሕግም የተጎጂ አቤቱታ ሳይጠብቅ በአንቀጽ 423 መዝገብ ይክፈት። ኬንያ በ2011 እ.ኤ.አ. እንዳደረገችው ከፖሊስ ዕዝ ውጭ የሆነ መርማሪ ተቋም ቢቋቋም ደግሞ ዐቃቤ ሕጉ ማስረጃውን ከራሱ ከተጠርጣሪው መሥሪያ ቤት አይለምንም። የኬንያው ተቋም የፖሊስን ጥይት አላስቆመም፤ ሆኖም ሟች ሲኖር መዝገብ የሚከፍት፣ ስም የሚጠራ አካል አለ። እኛ ጋር ይህን ሥራ ዛሬ የሚሸፍኑት አንድ ኮሚሽንና ጥቂት ጠበቆች ናቸው፤ እነርሱም የማዘዝ ሥልጣን የላቸውም። ሥልጣኑ ያለው ዳኛ ነው። ዳኛ ትዕዛዙን ለጣሰው አዛዥ መጥሪያ በላከ ቁጥር ኮሚሽኑም፣ ጠበቃውም፣ ጋዜጣውም ከጎኑ ሊቆሙ ይገባል፤ ዳኞች ራሳቸው በሚታሰሩበት ዘመን ያንን መጥሪያ መፈረም ድፍረት ይጠይቃልና ብቻቸውን ልንተዋቸው አይገባም።