ከመንዝ ጓሳ እስከ እንግሊዝ መዝገበ ቃላት

በማለዳ ወደ መንዝ ጓሳ የወጣ ሰው፥ ደረቱ የቀላ፥ ጎፈሩ እንደ ካባ የወረደ የጭላዳ መንጋ ሣር ሲነጭ ያያል። እረኛው ይህን እንስሳ ከልጅነቱ ጀምሮ በስሙ ይጠራዋል። ዳሩ ግን ይኸው ስም ባሕር ተሻግሮ በእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ውስጥ መግባቱን የሚያውቅ ጥቂት ነው። በ1835 እ.ኤ.አ. ጭላዳን ለአውሮፓ ሊቃውንት በጽሑፍ ያስታወቀው ጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፔል፥ የሀገሬውን መጠሪያ ይዞ ሄደ። በፈረንጅ አፍም «ገላዳ» ወይም «ጀላዳ» ሆኖ ቀረ።

እንግሊዝኛ ከጥንት ጀምሮ ሌላ ቋንቋ ያልነካው የሚመስላቸው ሰዎች አሉ። ነገሩ እንዲህ አይደለም። መሠረቱን ከጀርመን አገር በኩል የመጡ ነገዶች ጣሉት፤ በ1066 እ.ኤ.አ. ደግሞ ኖርማኖች አገሪቱን ድል አድርገው ሲይዙ ፈረንሳይኛ የጌቶች ቋንቋ ሆነ። ከዚህም የተነሣ በጉ በመስክ ሳለ በእንግሊዞች ጥንታዊ ቃል «ሺፕ» ሲባል፥ ሥጋው ከገበታ ሲቀርብ ከፈረንሳይኛ በመጣ ቃል «መተን» ይባላል። የመንዝ በግ ግን በመስክም በድስትም ያው በግ ነው!

ከእኛ የሄደው ጭላዳ ብቻ አይደለም። ጤፍም ንጉሥም በእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ይገኛሉ። የኮሶ አበባ በ19ኛው መቶ ዓመት ወደ አውሮፓ መድኃኒት ቤት ሲገባ ስሙም አብሮት ገባ። በ1755 እ.ኤ.አ. ታላቁን የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ያሳተመው ሳሙኤል ጆንሰንም፥ አስቀድሞ በ1735 የሎቦን የኢትዮጵያ ጉዞ መጽሐፍ የተረጐመ ሰው ነበር።

እኛም በበኩላችን ተበድረናል። ጠረጴዛ ከጽርእ፥ ስኒ ከዐረብ፥ መኪናና ጎማ ከኢጣልያ የመጡ ናቸው። ስለዚህ ቃል መበደር ነውር አይደለም እንላለን። የሚያሳስበን የራስን ቃል መጣል ነው። በመንዝ በግ ጠጕር የሚሠራው ባና በፋብሪካ ብርድ ልብስ ከተተካ፥ የፈታዩና የሸማኔው ቃላት ሁሉ አብረው ይቀበራሉ። አባቶች ለዘመናት በሥርዓት የጠበቁት ጓሳ ቢታረስም ጭላዳው ይሰደዳል፤ ስሙም በባዕድ መጽሐፍ ብቻ ተጽፎ ይቀራል።

አለቃ ደስታ ተክለ ወልድ በ1962 ዓ.ም. የታተመው መዝገበ ቃላታቸው ትልቅ ጎተራ ነው። ነገር ግን የአንድን አገር አዝመራ ሁሉ አንድ ጎተራ አይችለውም። ስለዚህ የመሐል ሜዳ፥ የራቤልና የዓለም ከተማ ተማሪዎች፥ አያቶቻቸው ሣሩን፥ በጉንና ፈትሉን በምን በምን ስም እንደሚጠሩ እየጠየቁ በደብተራቸው ቢጽፉ መልካም ነው። ሩፔል ከሩቅ አገር መጥቶ አንዱን ቃል ጽፎ ሄደ፤ የቀሩትን ለመጻፍ እኛ ከደጃችን ርቀን መሄድ አያስፈልገንም።