የጣቢያ ሠረገላ ጣቢያ በሌለበት አገር



ከነገሌ ቦረና ወደ ፊልቱና ወደ ዶሎ የሚጓዝ ሰው ቤተሰቡንም ዕቃውንም በአንድነት የሚይዝለትን ረጅም መኪና «ስቴሽን ዋገን» ይለዋል። ትርጓሜውም የጣቢያ ሠረገላ ማለት ነው። ይሁን እንጂ በገናሌና በዳዋ ወንዞች መካከል ወደምትገኘው ነገሌ የባቡር ሐዲድ ደርሶ አያውቅም። ታዲያ ስሙ ከየት መጣ?

በአሜሪካ፣ በባቡር የመጣውን መንገደኛ ከነሻንጣው ተቀብሎ ወደ ማረፊያው የሚያደርስ ሠረገላ ነበረ። ሞተር ፈረሱን በተካ ጊዜ አውቶሞቢሉ ስሙን ወረሰ። ፎርድ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1929 በብዛት ማምረት ሲጀምር አካሉ ከእንጨት ነበረና ፀሐይና ዝናብ እንዳይጎዱት ዘወትር ቫርኒሽ ያሻው ነበር። ዊሊስ በ1946 አካሉን በሙሉ ከብረት ሠራው፤ በ1949ም በአራቱም ጎማዎች የሚጎትት ኃይል ጨመረለት።

ከዚያ ወዲህ ነገዱ በሁለት ተከፈለ። አንደኛው፣ እንደ 1956ቱ ራምብለርና እንደ 1964ቱ ሼቭሮሌ ሼቬል ያለው መካከለኛ መኪና፣ ዝቅ ብሎ በለሰለሰ አስፋልት የሚሮድ ሆነ። በ1973 ግን የነዳጅ ዋጋ ናረ፤ ያው ውድነት በእኛ አቆጣጠር በየካቲት 1966 ዓ.ም. የአዲስ አበባን ባለታክሲዎች ሥራ አስቁሟል። በ1983 መጨረሻም ክራይስለር ሚኒቫን ባወጣ ጊዜ ብዙ ቤተሰብ ወደዚያ ዞረ።

ሁለተኛው ወገን ከፍ ብሎ የቆመው ነው፤ እነርሱም በ1948 የወጣው ላንድ ሮቨርና ቶዮታ በ1951 ጀምሮ በ1954 ላንድ ክሩዘር ብሎ የሰየመው ናቸው። በአገራችን የጣቢያ ሠረገላነቱን ስም የወረሰው ይኸው ወገን ነው።

እንግዲህ መኪናን የሚወስነው ስሙ ሳይሆን መንገዱ ነው። በዝናብ ወራት ምጥ የያዛትን እናት ወደ ሐኪም የሚያደርስ ሰው፣ ሆዱ ድንጋይ የሚመታ መኪና ቢይዝ ከመንገድ ይቀራል። ከፍታም የራሱ አደጋ አለው፤ ረጅም መኪና ከጣራው ላይ ሲከብድ በጠመዝማዛ ላይ በቀላሉ ይገለበጣል። ስለዚህ ከባዱን ዕቃ ከወለሉ፣ ቀላሉን ከፖርቶመጋላው አድርጉ።