ፐዝል (ምስል የመገጣጠም ጨዋታ)

ፐዝል በአንድ ምስል ወይም ካርታ ቁርጥራጮች የሚሠራ የመገጣጠም ጨዋታ ነው። ተጫዋቹ ቁርጥራጮቹን በቅርጻቸውና በቀለማቸው እየለየ ሙሉውን ምስል መልሶ ያወጣል። ለብቻም ሆነ ከቤተሰብ ጋር ይሠራል፤ ኤሌክትሪክም ሆነ ኢንተርኔት አይፈልግም።

ታሪክ

የመጀመሪያዎቹ ፐዝሎች የተዘጋጁት ለጂኦግራፊ ትምህርት ነበር። የለንደኑ የካርታ ሠሪ ጆን ስፒልስበሪ እ.ኤ.አ. በ1760ዎቹ ካርታዎችን በስስ ጣውላ ላይ ለጥፎ፣ የአገሮችን ወሰን ተከትሎ በመጋዝ እየቆረጠ ይሸጥ ነበር። ካዘጋጃቸው ካርታዎች አንዱ የአፍሪካ ነው።

ፐዝል በሰፊው ሕዝብ ዘንድ የተለመደው በካርቶን መሠራት ሲጀምር ነው። በ1930ዎቹ መጀመሪያ፣ በታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት ዘመን፣ በአሜሪካ ርካሽ የካርቶን ፐዝሎች በብዛት ተሸጡ። መግዛት ያልቻሉም ከቤተ መጻሕፍትና ከሱቆች ይዋሱ ነበር። የመጀመሪያው የዓለም የፐዝል ሻምፒዮና በ2019 እ.ኤ.አ. በስፔን፣ ቫያዶሊድ ከተማ ተካሄደ።

አሠራር

በመጀመሪያ ቁርጥራጮቹ ሁሉ በምስላቸው በኩል ይገለበጣሉ። ቀጥሎ ቀጥ ያለ ጎን ያላቸው ተለይተው ዙሪያው ይሠራል። የቀሩት በቀለም ይመደባሉ፤ ለዚህ ትሪ ወይም ሰፌድ ያገለግላል። ሰማይን የመሰለ አንድ ዓይነት ቀለም ያለው ክፍል መጨረሻ ላይ ይቀመጣል፤ እሱን ለመሥራት ከቀለም ይልቅ የጉጡን ቅርጽ ማየት ይረዳል። ሥራው በሰፊ ካርቶን ወይም ጣውላ ላይ ከሆነ ጠረጴዛው ለሌላ ጉዳይ ሲፈለግ ሳይፈርስ ይነሳል።

ከዙሪያው መጀመር የሚመከርበት ምክንያት በስሌት ይታያል። «500» ተብለው ከሚሸጡት ብዙዎቹ 27 በ19 ሆነው የተቆረጡ ስለሆኑ 513 ቁርጥራጭ አላቸው። ከእነዚህ ሁለት ሁለቱን እያነጻጸሩ መሞከር 131,328 ጥንድ ይሆናል። የዙሪያው ቁርጥራጮች ግን 88 ብቻ ሲሆኑ ጥንዶቻቸው 3,828 ናቸው።

ችግሩ የኮምፒውተር ሳይንስ ተመራማሪዎችንም ስቧል። በ1964 እ.ኤ.አ. ፍሪማንና ጋርደር ምስል የሌላቸውን 9 ቁርጥራጮች በቅርጻቸው ብቻ የሚገጣጥም ፕሮግራም አቀረቡ።

በኢትዮጵያ

በኢትዮጵያ የታወቁ ሁለት የመገጣጠም ሥራዎች የጨዋታውን ባሕርይ ያሳያሉ። በ1937 እ.ኤ.አ. ወደ ሮም የተወሰደው የአክሱም ሐውልት በ2005 በ3 ክፍል ተመልሶ በ2008 በቦታው ቆሟል። በ1974 እ.ኤ.አ. በሐዳር የተገኘችው ድንቅነሽ ግን ከብዙ ስብርባሪ ተገጣጥማ የተሟላው የአጽሟ 40 በመቶ ያህል ብቻ ነው። የጠፋ ቁራጭ ያለበትን ቦታ ማወቅ ይቻላል፤ ቁራጩን መተካት ግን ሌላ ጉዳይ ነው።

የፋብሪካ ፐዝል በቅርብ በማይገኝበት አካባቢ የስፒልስበሪን ዘዴ መጠቀም ይቻላል። ለምሳሌ በመካነ ሰላም ያለ መምህር የምዕራብ ደቡብ ወሎን ወረዳዎች፣ ማለትም ቦረናን፣ ወግዲን፣ ከላላን፣ ለጋምቦን፣ ሳይንትንና መሐል ሳይንትን በወረቀት ስሎ፣ በካርቶን ላይ በኮላ ለጥፎ፣ ሲደርቅ በወሰናቸው በምላጭ ሊቆርጥ ይችላል። ደቡብ ወሎን ከምሥራቅ ጎጃም የሚለየው ዓባይ በምዕራብ በኩል ዳር ሆኖ ይገባል። ሕፃኑ ጎረቤት ወረዳዎችን የሚያውቀው በቃል በማጥናት ሳይሆን ቦታቸውን በእጁ በመፈለግ ነው።

ከተጠናቀቀ በኋላ

ያለቀ ፐዝል ብዙ ጊዜ ለጥቂት ቀናት ታይቶ ይፈርሳል። ከዚያ በኋላ የሚደረገው ምርጫ የፐዝሉን ዕድሜ ይወስናል፦

ማስቀመጥ፦ ቁርጥራጮቹ ተቆጥረው በፌስታል ይቋጠራሉ፤ ቁጥራቸውም በካርቶኑ ላይ ይጻፋል። ሁለት ፐዝሎች እንዳይቀላቀሉ በየቁራጩ ጀርባ የተለያየ ምልክት ይደረጋል።

ደግሞ መሥራት፦ ሞዴሉን ሳያዩ ወይም ምስሉን ወደ ታች ገልብጦ በቅርጽ ብቻ መሥራት አዲስ ፈተና ይሆናል።

መለጠፍና መስቀል፦ በላዩ ነጭ ኮላ በስሱ ተቀብቶ ሲደርቅ በፍሬም ይሰቀላል። የተለጠፈ ፐዝል ግን ዳግም አይሠራም።

ማዋስ ወይም መስጠት፦ ለጎረቤት፣ ለትምህርት ቤት ወይም ለቤተ መጻሕፍት ይተላለፋል። የጎደለ ቁራጭ ካለ በካርቶኑ ላይ መጻፍ ያስፈልጋል፤ አለዚያ ቀጣዩ ሰው የሌለውን ሲፈልግ ይውላል። ክፍተቱን በወረቀት ገልብጦ፣ ተመሳሳይ ውፍረት ካለው ካርቶን ቆርጦና ቀለም ቀብቶ ምትክ መሥራትም ይቻላል።

ፐዝል እንደ ልብ በማይገኝበት ቦታ ከመለጠፍ ማዋስ ይሻላል። የተለጠፈው አንድ ግድግዳ ሲያስጌጥ፣ በሙሉ ቁጥሩ የተቀመጠው ከቤት ወደ ቤት እየዞረ ብዙ ሰው ያጫውታል።